ሰባት መስመር ተኩል

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሱቅ ፊት ለፊት እግሬ አልሄድም አለኝ። የወጣሁት ለጉልበቴ ቅባት ፍለጋ ነበር፤ የቆምኩት ግን ጉልበቴን አሞኝ አይደለም፣ አፍንጫዬ ነው ያቆመኝ። ፉል ሸተተኝ። ባቄላውን አይደለም የምላችሁ። ሳውዲ፣ የየመን ድንበር ላይ ያሉት ጅዛኖች ፉል የሚሉት ነጭ አበባ አለ፤ እምቡጡን በክር እየሰኩ ያንን የመሰለ ጉንጉን ይሠሩታል፤ ሴቱ ጸጉሩ ላይ፣ ወንዱ አንገቱ ላይ ያደርገዋል። አዎ፣ ወንዱም። ጢሙን ያጎፈረ፣ ወገቡ ላይ ጩቤ የሻጠ የተራራ ሰውዬ አበባ አድርጎ ሲንጎራደድ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ በሳል አሳበብኩ። በዓመቱ እኔም ሐሙስ ሐሙስ አደርግ ጀመር። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ።

ሱቋ ሻሽ፣ ሒናና ሽቶ ነው የምትሸጠው። አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ጠርሙስ አንስቼ ዋጋዋን ብጠይቅ ባለሱቋ ሦስት መቶ ብር አለችኝ። እኔ ደግሞ ክርክር ሲመጣ ድምፄ የክፍል ድምፅ ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመት ሰባ ሰባ ተማሪ ፊት የጮኸ ጉሮሮ እንዴት ብሎ ይለዝባል። «ለዚህች ጠብታ ሦስት መቶ? አቡ አሪሽ ሙሉ ጉንጉኑን በሁለት ሪያል ነበር የምገዛው» አልኳት። ሴትየዋ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ ሞላ ያለች፣ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ናት። እጇን አፏ ላይ ጭና «እስቲ ድገሙልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ያሉትን። ዋጋውን ተዉትና ድምፅዎን ልስማው።»

ደገምኩላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «ፊትዎን አላውቀውም፤ አይቼዎት አላውቅማ። መምህር ነዎት፣ አይደለም? የግድግዳው መምህር» አለችኝ። እኔም ፊቷን አላውቀውም። ማን እንደሆነች ግን ከዚያች ቃል በኋላ መንገር አላስፈለጋትም። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴንም ቅባቱንም ረሳሁ።

ጅዛን የሄድኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እብደት ነው አትበሉኝ፣ ባለቤቴ በሚገባ ብላኛለች። አማርኛ ሳስተምር ከርእሰ መምህሩ ጋር በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ምክንያት ተጣላሁ፤ እሱ ይቅር አልልም አለ፣ እኔ እሱ እስኪለኝ አልጠበቅኩም፣ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ባሕሩ፣ የመኑ፣ ተራራው፤ ልጆቼ የሚሆኑ ጎረምሶች እየደገፉኝ ድንበሩን ተሻገርኩ። ያን መንገድ ዛሬ አላወራውም፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል። አቡ አሪሽ በምትባል የጅዛን ከተማ መግሰላ ገባሁ፣ ልብስ ማጠቢያ ማለት ነው፤ ሥራዬ ነጭ ጀለቢያ መተኮስ ነበር። ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ ደግ ሰው ነበር፤ አንገትጌ ላይ መጨማደድ ካየ ግን ቀኑ ይበላሽበታል። እኔም እንደሱው ነኝ፤ የተማሪ ደብተር ላይ የተዛነፈ ስንኝ ሳይ ምሳ አይበላልኝም። ስለዚህ ተግባባን። ከሥራ ስወጣ ከመስጊዱ ማዶ ጥግ ላይ አንድ የመን ሰው ሰንቡሳ ይጠብሳል፤ አራቱ በሁለት ሪያል፤ በወቅቱ ደግሞ የጅዛን ማንጎ አለ፣ ልጣጩን በጥርስህ ገሽልጠህ፣ ፈሳሹ እስከ ክርንህ ወርዶ። ያኔ ቀጭን ሰማያዊ ፉጣ አገለድም ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ለብሼው ባለቤቴ አይታኝ «የማንን መጋረጃ ነው ያመጣኸው» አለች። አሁንም አለኝ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወረቀት የሌለው በሰላም እንዲወጣ የተሰጠው የምህረት ጊዜ አለቀ ተባለና አገር ምድሩ አፈሳ ሆነ። ቀኑን አልቆጥርላችሁም። መግሰላው ውስጥ እንዳለሁ፣ የጋለው ካውያ እጄ ላይ እንዳለ ነው የያዙኝ፤ የያዘኝ ፖሊስ፣ ዐስከሪው፣ «ያላ» ሲለኝ «ይችን እጅጌ ልጨርስ» ብዬው ጠብቆኛል። ተርሒል አስገቡን፤ ወደ አገር እስክንጫን የምንቆይበት ግቢ ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ወለሉ እስኪጠበን ነበርን፤ ሙቀቱ፣ የሽንት ቤቱ ወረፋ፣ የታመመው ሰው ሳል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አብረውኝ የነበሩት ይታዘቡኛል። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ግን በሩን ይከፍቱልንና ሐውሹ ላይ፣ ማለት ክፍቱ ግቢ ላይ እንወጣለን። የግቢው አንዱ ወገን ረጅም ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሴቶቹ ሐውሽ። መተያየት የለም፤ መሰማማት ግን የሚከለክል አልነበረም።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ድምፅ የሚያልፍበት ቦታ ካገኘን ዝም አንልም። ባገራችን ደንብ አለ፤ ግጥሙን አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥም ያለው ሰው ሁሉ ድምፅ የለውም፣ ድፍረትም የለውም፤ በጆሮ ይሰጥና ጉሮሮ ያለው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ተቀባይ የራሱን አይናገርም፣ የተሰጠውን ነው። ይህን ደንብ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት፤ እንደምታዩት ግን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ። በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ ተቀባይ ሆኜ ነበር። ከወዲያ ደግሞ ለሴቶቹ የምትቀበል እትዬ ብርቄ የምትባል የሐይቅ ሴት ነበረች፤ መልኳን እስከዛሬ አላውቀውም፤ ድምጿ ግን ዲናሞ ያለው ነው። እሷ ትጥልልኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ስለ ሩዙ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ አውሮፕላኑ። የበር ጠባቂው ዐስከሪ ወጣት የጅዛን ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ሊያስቆመን መጥቶ «ይሄ ምንድነው» አለ። «ሺዕር» አልነው፣ ግጥም። «ሺዕር?» አለና ወንበሩን አምጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐስር ሲደርስ ቀድሞን የሚወጣው እሱ ነው።

ሰይድ የመጣብኝ በዚህ መሀል ነው። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ዝምተኛ፣ ፀሐይ ያከሰለው ልጅ። አል-ሐርስ ተራራ ላይ፣ ከየመን ድንበር አፍንጫ ሥር፣ ሦስት ዓመት ፍየል ጠብቋል። ቀን ሙሉ አጠገቤ እየተቀመጠ አንድም ነገር ሳይናገር ይነሳ ነበር። በስተመጨረሻ «አያ መምህር፣ አንዲት ነገር ብሰጥዎት ይቀበሉልኛል?» አለኝ።

«ለማን?»

መሬት መሬት አየ። «ዘይነብ የምትባል አለች፣ ከወዲያ። ያገሬ ልጅ ናት፣ የወንዝ ማዶ ጎረቤት። አቡ አሪሽ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። ሐሙስ ስሟ ወጥቷል።»

የሐሙሱ አውቶቡስ አየር ማረፊያ ነው የሚወስደው። ቦሌ ደግሞ አጎቷ ይጠብቃታል፤ ደሴ ላለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሊድሯት ነገሩን ጨርሰዋል፤ እሷ እሺም እምቢም አላለችም። ሰይድ ይህን ሁሉ ያውቃል። የነገረኝ ማክሰኞ ነው። ከሐሙስ በፊት ካላወቀች እስከመጨረሻው አታውቅም ማለት ነው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት፣ ትንሽ ተቆጥቼ።

«ገብስ ስገዛ» አለ። ለካስ በየጊዜው ለፍየሎቹ ገብስ ልግዛ እያለ አቡ አሪሽ ይወርዳል፤ ደጃፏን አይቶ ያልፋል። ይባስ ብሎ በወረደ ቁጥር አንድ ጉንጉን ፉል ይገዛላታል፤ መስጠት ያቅተዋል፤ ይዞት ተራራ ይወጣና ለአንዲት ነጭ ፍየል አንገቷ ላይ ያደርግላታል። ያቺ ፍየል ስታምር እንዴት ትሆን ነበር እያልኩ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። «ታዲያ ይህን ግጥምህ ውስጥ አስገብተኸዋል?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ያሳፍራል» አለኝ።

ከዚያ ሰጠኝ። በጆሮዬ፣ በቀስታ፣ እንዲህ ሲል፦

ፍየል ጠባቂ ነኝ፣ ከሐርሱ ተራራ፣
ስምሽን አልጠራሁም፣ ለነሱ ሳወራ።
ገብስ ልገዛ ብዬ፣ ወርጄ ከገበያ፣
በራፍሽን አይቼ፣ አለፍኩኝ ወደዚያ።
ደህና ነሽ አልኩና፣ ሌላው ሁሉ ቀረኝ፣
ስለ ዝናቡ ነው፣ አፌ ያናገረኝ።
ዛሬ ግድግዳ ነው፣ የሆነብን ድንበር፣
እሱስ ባይኖር ኖሮ

እና ዝም አለ። ጠበቅኩ። «እሺ፣ ቀጥል» አልኩት።

«በቃ።»

«ምኑ በቃ?»

«አልቋል።»

እኔን መምህሩን ልታስተምረኝ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ። ግጥሙ የወል ቤት ነው፤ በያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ምት፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት ምት። ሁለት ሁለት መስመር እየተያዘ ቤት ይመታል። ማንም ሳያስተምረው ሰባት መስመር ምንም ሳያዛንፍ መጥቶ ስምንተኛዋ መሀል ላይ ተሰበረች። አዳራሹን ሰበሰብኩና ትምህርት ጀመርኩ፤ የዕድሜ ልክ አመሌ ነው። አንዱ በባዶ የውሃ ላስቲክ ምቱን ይመታል፣ ሌላው ይቆጥራል። «አያችሁ፣» አልኳቸው፣ «በዚህ ግጥም ውስጥ ፍቅር የሚል ቃል የለም። ሆዴ የለም፣ አንጀቴ የለም። የምታዩት ፍየል፣ ገብስ፣ በራፍ፣ ዝናብ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ያመቀውን ነገር በስሙ አንዴም አልጠራውም። ሁለተኛው መስመር ላይ ራሱ ነግሮናል፤ ማንም በሌለበት ተራራ፣ ለፍየሎች እንኳን ስሟን አልተናገረም።» ሰዉ «ወላሂ እውነት ነው» አለ፤ አንድ የገርባ ልጅ ዓይኑን ጠረገ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት። ግን ያቺ ግማሽ መስመር የተጨማደደ አንገትጌ ሆነችብኝ። መተኮስ አለባት።

ረቡዕ ከዐስር በኋላ ሐውሹ ላይ ቆምኩ። እትዬ ብርቄን ጠራሁ፣ ከሰይድ ለዘይነብ መሆኑን ተናገርኩ፣ ወንዱም ሴቱም ጸጥ አለ፤ ዐስከሪውም ወንበሩን አስጠጋ። ሰባቱን መስመር እንደተሰጠኝ አወጣሁ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ሞቆ፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ ሰይድ ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ፤ ያለሰጪው ፈቃድ ሞላሁት፦ «እሱስ ባይኖር ኖሮ፣ ፍቅሬ ባልኩሽ ነበር።» ስድስት ምት፣ ስድስት ምት፣ ድንበር፣ ነበር፤ ቤቱ ግጥም አለ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ሰይድ ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። አልተቆጣም። ሰው ዕቃውን ጭነው ሲሄዱበት የሚያየው ዓይነት ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ብርቄ ድምፅ መጣ፣ ዜማም የለው፣ እንዲሁ በንግግር። «መምህር፣ ዘይነብ ትላለች፦ ይሄ የሰይድ አይደለም። ግድግዳው ሳይኖር ሦስት ዓመት ደጄን አልፎ ሄዷል፤ ፍቅሬ ብሎኝ አያውቅም። ይሄ ውሸት ነው፤ ሰይድ አይዋሽም። ሰው ገጥሞለት ከሆነ ደህና ሁን በሉልኝ።»

እኔ ሠላሳ ዓመት ግጥም አስተምሬያለሁ። በዚያች ደቂቃ፣ ከአንዲት ሰው ቤት ሠራተኛ፣ በግድግዳ ላይ፣ የተማርኩትን ያህል ግን ተምሬ አላውቅም። ለካስ ግጥሙ ያቺ ክፍተት ነው። ግድግዳ ባይኖርስ ኖሮ? ምንም። ፊተኞቹ ስድስት መስመሮች ራሳቸው ይመሰክሩበታል፤ ግድግዳ ባልነበረበት ጊዜ በራፏን አይቶ ነው ያለፈው፣ ስለ ዝናብ ነው ያወራው። ልጁ ይህን አውቆ፣ በግድግዳ ላያሳብብ፣ አፉን እዚያው ላይ ዘጋ። እኔ ዝምታውን ጉድለት ነው ብዬ ጠገንኩለት፤ ጠግኜም ውሸታም አደረግኩት። ቤት እንዲመታ ብዬ የሰው ቤት ላፈርስ።

አሁን ዐስከሪው ሰዓቱን እያየ ነው፤ ወደ ውስጥ ሊያስገቡን ነው፤ ነገ ጠዋት አውቶቡስ። ሰይድን «እስቲ አንተ ራስህ ተናገራት» አልኩት። ተነሳ፣ ግድግዳው ሥር ሄደ፣ አፉን ከፈተ፣ ተመልሶ መጣ። «አያ፣ አልቻልኩም» አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እዚያም ቆሞ አልቻለም። ስለዚህ ያለኝን ኩራት ሁሉ ሰብስቤ፣ በዚያው ትልቅ ድምፄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩ፦ «ዘይነብ፣ እኔ መምህሩ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። የመጨረሻዋን ግማሽ የጨመርኩ እኔ ነኝ፤ ሌላው በሙሉ የሱ ነው። እሱ የሰጠኝ እንዲህ ነበር።» እንደገና ጀመርኩ። ሰባቱን አልኩ። «እሱስ ባይኖር ኖሮ» አልኩና አፌን ገጠምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም፤ ምላሴ ውስጥ ስድስቱ ምት ሲረግጡ ይሰሙኝ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልሳለም። ዐስከሪው አማርኛ አይሰማም፤ ግን እሱም ቆሞ ነበር።

እትዬ ብርቄ ስትመልስ ድምጿ ተለውጧል፤ ሳቅና ልቅሶ እየታገሏት ነው። «ዘይነብ ትላለች፦ አሁን የሱ ነው። በራፌን አስራ አንድ ጊዜ አልፎታል፤ በመስኮት እያየሁ ቆጥሬያለሁ። ገብሱንም አይቻለሁ። ቦሌ ላይ አጎቴን እምቢ እላለሁ፣ አገሬ እገባለሁ። የወንዙን መንገድ ያውቀዋል በሉት።»

ግቢው እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ሰይድን ተሸከሙት። ዐስከሪው ምን ተባለ ብሎ ጠየቀኝ፤ በሰባራ ዐረብኛዬ ነገርኩት፤ «ማሻአላህ» አለና «ኸላስ፣ ግቡ» አለን፤ ግን አንድ አስር ደቂቃ ሳይዘጋ ቆየ። በማግስቱ ሴቶቹ ሄዱ፣ በሳምንቱ እኔን ጠሩኝ፣ ሰይድ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆኑ አላወቅኩም። ስንት ጊዜ ባለቤቴን «ደርሶ ይሆን?» ብያታለሁ። እሷም «አንተ ካልደረስክበት ደርሷል» ትለኛለች።

እና ይኸው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የፉል ጠርሙስ በእጄ ይዤ፣ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየሁ። ደርሷል። ከእሷ በኋላ በሁለት ወሩ፣ በዚያው በወንዙ መንገድ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ እሱ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ ይችን ሱቅ ይዛለች። ፉሉን ለምን እንደምትሸጥ ስጠይቃት «ሽታው ደስ ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ አይነግረኝም እንጂ» አለች። የነጯ ፍየል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። መጣ፣ ቆመ፣ ዋጥኩት። እሱ ያልሰጠኝን አልናገርም፤ አንዴ ተምሬያለሁ።

ግን አንዲቷን ነገር ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም። «ያቺ ግማሽ መስመር፣» አልኳት፣ «ኋላ ሞላት?»

«የቷን?» አለች፤ እያወቀች ነው። «ኧረ እስከዛሬ አልሞላትም።»

«አልጠየቅሽውም?»

«ምን አስቸኮለኝ» አለች ሻሾቿን እያጠፈች። «እዚሁ ነው ያለው።»

ይህን እንዳለች ደጅ ላይ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ቆመ። የወረደው ሰውዬ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ አረማመዱ ግን ያው የፍየል ጠባቂ ነው። አየኝ። ባለበት ቆመ። ብዙ ነገር ሊናገር እንደሆነ ሁሉም ነገሩ ያስታውቃል። እኔም ተነሳሁ፣ እጄን ያዘው፣ በሁለት እጁ፣ አጥብቆ፣ አልለቅ አለ።

«ደህና ነዎት፣ አያ መምህር?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ ሰይድ።»

ወደ ሰማዩ ቀና አለ። «ዘንድሮ» አለ፣ «ዝናቡ ዘገየ።»

ከኋላዬ ዘይነብ ስትስቅ ሰማኋት።